የፓራፋንጎው ጠርዝ፦ ከጎንደር ሽንፋ ደርሶ መልስ

መተማን ያላየ ጎንደሬ ስለ መተማ ሁለት ነገር ያውቃል፤ ሙቀቱንና ወባውን። እኔም ከመሄዴ በፊት የማውቀው ይህንኑ ነበር። እንዲያም ሆኖ ለጉዞው የያዝኩት ዕቃ ለሁለቱም የሚጠቅም አልነበረም። ባለቤቴ "በረሃ ሌሊቱ ይበርዳል ይላሉ" ብላ ወፍራሙን ካፖርቴን በግድ አስያዘችኝ። እንዲህ የሚሉት እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አልደረስንባቸውም። ካፖርቱ ስምንት ቀን አብሮኝ ተጉዞ ሁለት ጊዜ ብቻ ጠቅሞኛል፤ ሁለቱም ጊዜ ለብርድ አይደለም።

ከተመለስኩ ዓመታት ቢያልፉም የቀድሞ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ዛሬም "ቆላው እንዴት ነው?" እያሉ ሲጠይቁኝ ያንኑ እየደጋገምኩ ሰለቸኝ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል። ከመካከላቸው ወደዚያ የሚሄድ አንድም ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። እኔም ብሆን ወድጄ አልሄድኩም።

ዘመኑ የደርግ ነው። አንድ ባልዲ ቢቀደድ ኮሚቴ ይቋቋም ነበር። እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ፤ ማለት የተቀደዱ ባልዲዎችን የምመዘግብ ሰው ነኝ። ጥቅምት ሲገባ ሽንፋ ካለው የእርሻ ጣቢያችን ደብዳቤ መጣ። የጣቢያው መካኒክ አቶ ይመር የሕዝብ ንብረት የሆነውን ጂፕ አራቱንም ፓራፋንጎዎች በመጋዝ ቆርጠዋል ይላል። ፓራፋንጎ ማለት ጎማውን ከላይ የሚያለብሰው የጭቃ መከላከያ ላሜራ ነው። ደብዳቤውን የፈረመው አዲስ የተሾመው የጣቢያው ኃላፊ ነበር።

አለቃዬ አንድ ቅጽ ሰጡኝ። ከቅጹ ግርጌ "የድርጊቱ ዓይነት" የሚል ተጽፎ ከጎኑ ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ "አሻጥር"፣ ሌላው "ቸልተኝነት"።

"ሁለቱም ካልሆነስ፣ ጓድ?" አልኳቸው።

"ሦስተኛ ቢያስፈልግ ኖሮ ሦስት ሳጥን ይኖረው ነበር" አሉኝ።

በዚያ ዘመን ለአንድ ሰው አሻጥረኛ ተብሎ መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ የነበረ ያውቀዋል። ትእዛዙም ግልጽ ነበር። አሻጥር ሆኖ ካገኘሁት ሰውየውን በሄድኩበት ጂፕ ከኋላ ጭኜ ጎንደር ላስረክብ፤ ቸልተኝነት ከሆነ ጥፋተኛው ከነስሙ ተጽፎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርሰዋል። የአንድ የማላውቀው ሽማግሌ ቀሪ ዕድሜ በእኔ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ጉዞ ጀመርን።

ማክሰኞ፤ ከጎንደር አይከል

ሾፌሬ አስናቀ ይባላል። ካልጠየቁት አይናገርም፤ ሲጠየቅም አስቦበት ነው የሚመልስ። ጂፓችን ለዚሁ ጉዳይ ተብሎ የታጠበች፣ አራት ሙሉ ፓራፋንጎ ያላት፣ ጭረት የማይታይባት ነበረች። አለቃዬ ሲሸኙን ኮፈኗን መታ መታ አድርገው "ምሳሌ ትሁናቸው" ብለውኛል።

ገና ከአዘዞ ወጣ እንዳልን ኬላ ላይ አስቆሙን። ያን ጊዜ ወደ መተማ የሚሄድ ሰው ሁሉ ወደ ሱዳን ሊኮበልል ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ጠባቂው የይለፍ ወረቀቴን ሦስት ጊዜ አገላብጦ አነበበና ሻንጣዬን አስከፈተኝ። ካፖርቱን አወጣው። ዘረጋው። እኔን አየኝ።

"ይኼን ይዘህ ነው መተማ የምትወርደው?"

"አዎ።"

"እለፍ" አለ ሳቁን እየዋጠ። "ሱዳን የሚኮበልል ሰው ካፖርት አይዝም።"

ካፖርቱ የመጀመሪያውን ጥቅም የሰጠው እዚህ ላይ ነው። አይከል ያደርነው በጊዜ ገብተን ነው። የአይከል ብርድ የጎንደር ብርድ፣ የአይከል ሽሮ የጎንደር ሽሮ ስለሆነ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። እኔ ግን ሩቅ አገር የገባሁ መስሎኝ ለባለቤቴ ደብዳቤ ጻፍኩ።

ረቡዕ፤ ከአይከል ሸኸዲ

ከአይከል በኋላ መንገዱ ቁልቁል ነው። በየጠመዝማዛው አንድ ልብስ እያወለቅሁ ወረድኩ። ረፋዱ ላይ ሹራብ፣ እኩለ ቀን ላይ ኮት፣ ሸኸዲ ስንደርስ በካናቴራ ቀረሁ። በእኛ አገር ጥላ ሲያገኙ ይቀዘቅዛል፤ እዚህ ጥላውም ይሞቃል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። ሰሊጡ ደርሷል። ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የወረዱ ሠራተኞች ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው በጎራ በጎራ ይጓዛሉ። ሰሊጥ እንደ ጤፍ ዝም ብሎ አይጠብቅም አሉኝ፤ ቀኑ ካለፈ ፍሬው ይፈነዳና መሬት ላይ ይረግፋል። ለዚህ ነው በጥቅምት ቆላ ውስጥ የሚቆም መኪና ሁሉ እንደ በደለኛ የሚታየው።

ሸኸዲ ያረፍነው እትዬ አለሚቱ ቤት ነው። እትዬ አለሚቱ በወጣትነታቸው ከጋይንት ለአንድ አጨዳ ወርደው እዚያው የቀሩ ባልቴት ናቸው። አልጋው ጠፍር፣ መኝታው ደጅ ነው። ራት የማሽላ እንጀራ በወይካ ቀረበ። ወይካ ደርቆ የተፈጨ ባምያ ነው፤ ወጡ ሲያነሱት እንደ ክር ይሳባል። በእኛ ቤት እንዲህ የሚሳብ ወጥ ተበላሸ ተብሎ ይደፋል፤ እዚህ ካልተሳበ ነው የሚታማው። አጎራረሴን አይተው ሳቁና ክሩን በጣት እንዴት እንደሚቆርጡት አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ።

የመጣሁበትን ጉዳይ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው። እጃቸው ከድስቱ ላይ ቀረ።

"ይመርን? የወፍጮዬን ሞተር የሚጠግንልኝን ይመርን? ልታስሩት ነው?"

"ኧረ እትዬ፣ እኔ ላጣራ ነው የመጣሁ።"

"ማጣራትማ እኛም ጠላ እናጣራለን" አሉኝ። "አተላ የሚባለው ግን ሁልጊዜ ታች ያለው ነው።"

ጠዋት ስንነሳ ስንቃችንን ቋጥረው፣ ለብቻው ደግሞ አንድ ጨርቅ ቋንጣ ለይመር እንዳደርስ ሰጡኝ። መርማሪ ሆኜ የተመርማሪ ስንቅ ተሸከምኩ ማለት ነው።

ሐሙስ፤ ከሸኸዲ መተማ

ሽንፋ ለመግባት የይለፍ ወረቀቱ መተማ ላይ መታተም ነበረበት። ማኅተሙ ግን ሰሊጥ ለማጨድ ዘምቷል፤ ማኅተሙን የሚይዘው ሰው ዘምቶ፣ ቁልፉን ይዞት ስለሄደ ማለቴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቁጭ አልን።

ጎንደር ላይ ሱዳን የሚሉት ነገር ሩቅ ነው። መተማ ላይ ግን የሱዳን ዶሮ ሲጮህ ይሰማል። ከሸለቆው ማዶ ያሉት ጎጆዎች ከእኛዎቹ አይለዩም፤ ልዩነቱ እኔ እዚያ ብሻገር ኮብላይ መባሌ ነው። ከማዶ የመጣ አንድ ጀላቢያ የለበሰ ነጋዴ ሳሙናና ባትሪ ዘርግቶ ይሸጣል። ጂፓችንን ከፊት ከኋላ ዞሮ አያትና ሳቀ።

"ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ይኼ መኪና ለሠርግ ነው?"

"ለሥራ ነው። ነገ ሽንፋ እንገባለን።"

"በዚህ ልብሱ አይገባም" አለ ፓራፋንጎውን በጣቱ እየነካ። ወዲያው አንድ ነገር ትዝ ያለው መሰለና ከዕቃው መካከል ጥቅል አሮጌ የውኃ ጎማ አወጣ። "ሽንፋ ከሆነ ይኼን ለይመር አድርስልኝ። ለጠርዝ ብሎ ለምኖኝ ነበር።"

ለምን ጠርዝ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከጂፑ ኋላ ከቋንጣው ጎን አስቀመጥኩት። እስካሁን ድረስ ለተከሳሹ ያመጣሁለት ስንቅና ዕቃ እንጂ የሰበሰብኩበት ማስረጃ አልነበረም።

ዓርብ፤ ከመተማ ሽንፋ

ሌሊቱን ዘነበ። በእኛ አገር የጥቅምት ዝናብ ካፊያ ነው፤ የቆላው እንደ ሐምሌ ያወርደዋል። የሽንፋ መንገድ ደግሞ ዋልካ ነው። ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር ለጎንደሬም አዲስ አይደለም፤ የቆላው ዋልካ ግን ሊጥ ነው። ጎማው ላይ ይለጠፋል፣ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ከፓራፋንጎው ሥር ይጠቀጠቃል። መቶ እርምጃ ያህል እንደሄድን ጎማና ፓራፋንጎ አንድ አካል ሆኑና ጂፗ ቀጥ አለች። ሞተሩ ይጮኻል፤ እኛ አንንቀሳቀስም። ወርደን በቢላ ቆፍረን አወጣን። ሌላ መቶ እርምጃ ሄድን። ደግሞ ወረድን። አሥራ ሰባት ጊዜ ቆጥሬ ተውኩት። ምሳሌ ትሁናቸው የተባለችው ጂፕ ይህችው ነበረች።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ከቀኑ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረባ ጥያቄ ጠየቅሁ።

"አስናቀ፣ ምን ይሻላል?"

አሰበበት። "ቢቆረጥ ይሻላል።"

"ምኑ?"

"ፓራፋንጎው።"

"ይህን መቼ ነው ያወቅኸው?"

"አዘዞ ላይ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቁኝም።"

ሜዳው ላይ ማደር ለጅብም ለሽፍታም ራስን ማቅረብ ነው። ደግሞም የንብረት ክፍል ሰው ነኝና የመንግሥትን ላሜራ ያለ ቃለ ጉባኤ መቁረጥ አልችልም። ሦስት የጎጃም አጫጆች ሲያልፉ ጠራኋቸውና ስብሰባ ጠራሁ። አጀንዳ፣ ስለ ፓራፋንጎ። ከአጫጆቹ አንዱ ቁመተ ረጅሙ እጁን አውጥቶ "የየትኛው?" ብሎ ጠየቀ። ተወያይተን፣ ይበልጥ የሚያስቸግረው ከፊት የቀኙ ስለሆነ እሱ እንዲቆረጥ አምስት ለዜሮ ተወሰነ። አጫጆቹ በአውራ ጣታቸው በጭቃ ፈረሙ። ቃለ ጉባኤው ዛሬም በመዝገቡ ውስጥ አለ፤ የጭቃው አሻራ ከቀለም ይልቅ ይታያል።

አስናቀ የመጋዝ ምላጭ ነበረው፤ እጀታው የለም። ኃላፊነቱ የእኔ ነው ብዬ ምላጩን በመሐረብ ጠቅልዬ ያዝኩና ካፖርቴን ጭቃው ላይ አንጥፌ ተንበረከክሁበት። ሁለተኛው ጥቅሙ ይሄ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ገዘገዝኩ። መሥመር አላሰመርኩም፤ ምላጩ ወደ ወሰደኝ ሄድኩ። ሲያልቅ ጠርዙ አይጥ የበላው አቁማዳ መስሎ ነበር። በሥራዬ ኮርቼ ብድግ ስል ያው ጠርዝ ሱሪዬንና ቅልጥሜን አንድ ላይ ተረተረው።

"ኧረ ይኼስ ሰው በላ ሆነ!" አለ ረጅሙ ጎጃሜ። ከጋቢው ጫፍ ቀዶ ቁስሌን አሰረልኝ። ያን ጋቢ እስከ አጨዳው መጨረሻ ሌሊት የሚለብሰው እሱ ነው። እኔ ካፖርት ያለኝ ሰው፣ ካፖርቴን ጭቃ ላይ አንጥፌ የእሱን ጋቢ ቀደድኩበት። አመሰግንሃለሁ ስለው አፈረ። እኔም አፈርኩ።

ቀሪዎቹን ሦስቱን በቢላ እየጠረግን፣ የተቆረጠው ራሱ ጭቃውን እየተፋ፣ ጀምበር ስትገባ ሽንፋ ደረስን።

ቅዳሜ፤ ሽንፋ

አቶ ይመር በወረቀት እስረኛ ናቸው። በጣቢያው ውስጥ ግን ከሳቸው ሌላ መካኒክ የለም፤ ሰሊጡ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ማታ ማታ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎባቸው ያድራሉ፤ ቀን ቀን ትራክተር ይጠግናሉ። ጠባቂያቸው ጠመንጃውን ትራክተሩ ላይ አስደግፎ ቁልፍ ያቀብላቸዋል። ስደርስ "አሥራ ሦስት ነው ያልኩህ፣ አሥራ አራት አመጣህ" ብለው እየተቆጡት ነበር።

ስድሳውን ያለፉ፣ መነጽራቸውን በሽቦ ያሰሩ የወሎ ሰው ናቸው። ማን መሆኔን፣ ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው። የሰሙኝ አልመሰለኝም። ዓይናቸው ከእኔ አልፎ ጂፗ ላይ ነበር። ተጠግተው ከፊት የቀኙን አዩት።

"ይኼን ማነው የበላው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"በጥርስህ ነው?"

ጠባቂው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ወደ ቅልጥሜ ወረዱና የጎጃሜውን ጨርቅ ፈቱ። በጨው ውኃ አጠቡልኝ። ቁስሉን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አየህ ልጄ፣ ላሜራ ሲቆረጥ አውሬ ይሆናል። ቆርጠህ ከተውከው ጥፋቱ ያንተ ነው፤ የሱ አይደለም።"

ከዚያ የሳቸውን ጂፕ፣ የተከሰሱበትን፣ አሳዩኝ። "እጅህን አሳልፍበት" አሉኝ። ፈራሁ። ያዙና መዳፌን ጠርዙ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጎተቱት። የሕፃን ከንፈር ነበር የሚመስለው። እውነቴን ነው፣ ጎንደር ውስጥ እንደዚያ የለሰለሰ የቢሮ ጠረጴዛ የለንም።

እንዴት እንዳደረጉት አስረዱኝ። ለመለካት መኪናዋን ሰሊጥ ይጭኗታል፤ ባዶ መኪና ውሸታም ነው አሉ። ከዚያ አንዱን ጎማ ኩይሳ ላይ ያወጡና መሪውን እስከ መጨረሻው ያዞሩታል። ጎማው ላሜራውን ከሚነካበት አራት ጣት ለዋልካው ይተዉና በከሰል ያሰምራሉ። መጋዙ እንዳይንሸራተት መሥመሩ ላይ ከክሊኒክ የለመኑትን የቁስል ፕላስተር ይለጥፋሉ። ይቆርጣሉ። በሞረድ፣ ከሞረድ በኋላ በወንዝ ድንጋይ ያለሰልሳሉ። እንዳይዝግ ቀለም ይቀባሉ። በመጨረሻ የውኃ ጎማ ለሁለት ሰንጥቀው ጠርዙን ያለብሱና፣ በምስማር በበሱት ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ይሰፉታል፤ ልክ የቀሚስ ጥለት እንደሚሰፋ። ለዚህ ሁሉ መንግሥት ያወጣው ነገር የለም።

"ቀለሙ ለምን ቀይ ሆነ?" አልኳቸው።

"የመፈክሩ ትራፊ ነው። ሌላ ቀለም የለን።"

ኃላፊውን ቢሯቸው አገኘኋቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የተሾሙት በሚያዝያ ነው። በሚያዝያ የሽንፋ መሬት እንደ ሲሚንቶ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ቢሯቸው ናቸው። "መኪናዋ ስትመጣ ሙሉ ነበረች፤ አሁን ጎድላለች" አሉኝ። "የጎደለ ነገር ተጠያቂ አለው።"

"አብረን ትንሽ ብንነዳትስ፣ ጓድ?"

"እኔ ሰው እንጂ ጭቃ አልመረምርም" አሉኝ። በዚህ ተለያየን።

እሑድ፤ ሽንፋ

ጣቢያው ዝግ ነበር። ጋሽ ይመር ግን "የእኔ ዕረፍት ዓርብ ነው፣ እሱም አምልጦኛል" ብለው በጠዋት መጋዛቸውን ይዘው መጡ። እኔ የቀሩትን ሦስት ፓራፋንጎዎቻችንን እንዲሠሩልን ለምኛቸው ነበር። ያመጣሁላቸውን የውኃ ጎማ ሲያዩ ደስታቸው ከቋንጣው በለጠ። አስናቀ ሽቦ ያቀናል። እኔ እሞርዳለሁ። እሳቸው ከኋላዬ መጥተው በመዳፋቸው ያዩና "እዚህች ጋ" ይላሉ። ደግሞ እሞርዳለሁ። "እዚህች ጋ።" በሕይወቴ ሥራዬን እንደዚያ አድርጎ ያየልኝ አለቃ የለም።

በምሳ ሰዓት አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ በጣም ኮራሁበት። "ጋሼ፣ ሦስቱ በቅተዋል። እኔ የቆረጥኩትን እንዳለ ይተዉት። ጎንደር ሄጄ ሁለቱን ጎን ለጎን አሳያለሁ። አጥፊ ሲቆርጥ ይኼን ይመስላል፣ ሠራተኛ ሲቆርጥ ይኼን ይመስላል እላለሁ። አሻጥረኛ ጠርዝ አያለሰልስም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለዎትም።"

"እሺ" አሉ። እሺታቸው ግን አልጣመኝም።

ሙቀቱ ሲበረታ እንደ አገሩ ሰው ጥላ ፈልጌ ተኛሁ። ስነሳ ጋሽ ይመር ከፊት የቀኙ ጎማ አጠገብ ተቀምጠው የመጨረሻዋን ሽቦ እየጠመዘዙ ነው። ያ አይጥ የበላው ጠርዜ የለም። ተስተካክሏል፣ ለስልሷል፣ ቀይ ተቀብቷል፣ ጎማ ለብሷል።

"ጋሼ! ምን አደረጉ! ማስረጃዎ እኮ ነበር!"

"እጄ እምቢ አለኝ።"

"እስር ቤት ነው እኮ የሚወስድዎ!"

"አብሽር ልጄ። ነገ አንድ ሰው ሲወርድ ይተረትረዋል። አውቄው እንዴት ልተወው?" መዳፋቸውን በጠርዙ ላይ አሳልፈው ወደ እኔ ቀና አሉ። "አንተ ሳጥን አለህ አሉ፤ ሁለት። ያየኸውን ጻፍ።"

ተናደድኩ። ከንዴቴ በላይ ግን አለቀስኩ ማለት ይቻላል፤ ላብ ነው ብዬ ፊቴን ጠረግሁ። ያ ሽማግሌ እስር ቤቱን ያስበለጠው ከሻካራ ጠርዝ ነበር፤ እኔ በሃያ ዓመት የመንግሥት ሥራ አንድ ነገር እንኳ እንደዚያ አድርጌ አልጨረስኩም።

ሰኞ፤ ወደ ሸኸዲ

ቅጹን ባዶውን ይዤ ተነሳሁ። ጋሽ ይመርን አልጫንኳቸውም። ኃላፊው ሳጥኑ ላይ ምልክት አለማድረጌን ሲያዩ "ይህ ራሱ ቸልተኝነት ነው" አሉኝ።

ዋልካው እንደ ዓርቡ ነበር፤ ዘንቦበታል። ጂፗ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ቆመች፤ እሱም አስናቀ ሽንቱ መጥቶበት ነው። ጭቃው ይለጠፋል፣ ይዞራል፣ ተፈናጥሮ ይወድቃል።

ሸኸዲ ስንገባ እትዬ አለሚቱ ከቤታቸው ሮጠው ወጡ። ሰላምታም ሳይሰጡኝ በጂፗ ጀርባ ዞረው መጋረጃውን ገለጡና ወደ ውስጥ አዩ። ካፖርቱ ብቻ ነበር። ከዚያ መጋረጃውን በቀስታ መለሱት። "እንዴት ከረምክ ልጄ" አሉኝ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። የዚያን ቀን የወይካው ክር እስከ አልጋዬ ይደርስ ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ማክሰኞ፤ ጎንደር

ከሸኸዲ ገስግሰን አይከል ሳናድር ከሰዓት በኋላ ገባን። አለቃዬ መስኮት ላይ ነበሩ። ጂፗን ሲያዩ ወርደው መጡ።

"ይህቺም ተቆረጠች?"

"አዎ ጓድ።"

"በማን?"

"በቃለ ጉባኤ" አልኩና ወረቀቱን ሰጠኋቸው። የጭቃውን አሻራ አዩ። ከዚያ ቅጹን ጠየቁኝ። ባዶ ነው።

"ጓድ፣ መጀመሪያ እጅዎን እዚህ ላይ ያሳልፉ" አልኳቸው።

አመነቱ። እንደ እኔ ፈሩ። ግን አሳለፉት፤ ከዳር እስከ ዳር። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። ንጹሕ ነው። ወደ ሌላው ሄዱ። አራቱንም ዞሩ።

"ቀዩ ምንድነው?"

"የመፈክር ቀለም ነው።"

ስለ ቀለሙ ሌላ አልጠየቁም።

"እንዲህ ያለውን ማን አሻጥር ይለዋል?" አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው ያህል። "ቸልተኝነትም አይባል። ግን መዝገቡ ያለ ጥፋተኛ አይዘጋም።"

የሱሪዬን እግር ሰበሰብኩ። ቁስሉ ገና አልሻረም። "ጓድ፣ ይህን ያደረገው እኔ ራሴ የቆረጥኩት ጠርዝ ነው። ያለ መሥመር ቆርጬ፣ ሳልሞርድ ተውኩት። አቶ ይመር ናቸው ያስተካከሉት። ቸልተኛ ከተፈለገ እኔ አለሁ።"

ቁስሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። ደግሞ ጠርዙን በጣታቸው ነኩት። ከዚያ ቅጹን ኮፈኗ ላይ ዘርግተው ቸልተኝነት ከሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረጉና የእኔን ስም ጻፉበት። መዝገቡ ጥፋተኛውን አገኘ፤ ተዘጋ። ጋሽ ይመር እንዲለቀቁ የሚል ደብዳቤ በዚያው ሳምንት በአስናቀ እጅ ወረደ፤ ለእኔ ደግሞ "በመንግሥት ተሽከርካሪ ላይ ሻካራ ጠርዝ በመተው የራሱን አካል ስላጎደለ" የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። በሃያ ዓመት ሥራዬ የመጀመሪያው ነው። ባለቤቴ አለቀሰች። እኔ ግን ከተሰጡኝ ምስጋናዎች ሁሉ አብልጬ ወደድኩት።

አስናቀ ሲመለስ እንደ ልማዱ እስክጠይቀው ጠበቀኝ።

"ጋሽ ይመር እንዴት ናቸው?"

"ደኅና ናቸው። ቤታቸው ገብተዋል።"

"ደስ አላቸው?"

አሰበበት። "ተቆጥተዋል።"

"በምን?"

"የእርስዎ ማስጠንቀቂያ ግልባጩ ለጣቢያው ደርሶ አንብበውታል። 'ሻካራ ጠርዝ ነበረበት ተብሎ ተጻፈ? ከእጄ የወጣ መኪና ላይ?' አሉ። እንዲስተካከል ይፈልጋሉ።"

በማግሥቱ ጠዋት ቁጭ ብዬ በራሴ ማስጠንቀቂያ ላይ የማስተካከያ ማመልከቻ ጻፍኩ። የተጠቀሰው ሻካራነት ተሽከርካሪዋ ሽንፋ ከመድረሷ በፊት የነበረ፣ ሙሉ በሙሉም የእኔ ሥራ መሆኑን፣ ከሽንፋ በወጣች ጊዜ ግን በአራቱም ጠርዝ ላይ አንዳች ሻካራ ነገር እንዳልነበረ በትክክል አስፍሬ ፈረምኩ። ከግርጌው "ግልባጭ፦ ለአቶ ይመር፣ ሽንፋ" ብዬ ጨመርኩበት።